ቅቤ የጠጣ ልብ

ወንድሜ ቅቤ መጠጣት የጀመረው ልቡን ለማሳመም ነው።

ይህን ስናገር ሰው ይስቃል። እኔም ስቄያለሁ። መሳቅ በማይገባበት ቦታ ሁሉ የምስቅ ልጅ ነኝ፤ እናቴ «ጥርስሽን ግጠሚ» እያለች ነው ያሳደገችኝ። አሁን ግን ያ ሳቅ ጉሮሮዬ ላይ ሲደርስ ይመረኛል። ቢሆንም የአማርኛ አስተማሪያችን «አንቺ ልጅ፣ እጅሽ ተፍታታ» ካሉኝ ወዲህ መጻፍ ቁልቁለት እንደ መሮጥ ደስ ይለኛል፤ የመረረውንም ቢሆን አልተወውም።

ቤታችን ከቀበና ወንዝ ከፍ ብሎ ነው። ከጓሮ ሆኖ ቀና ያለ ሰው እንጦጦን ከነባሕር ዛፉ ያያል። ቤቱ ውስጥ ያለነው ሦስት ነበርን፤ እናቴ፣ ወንድሜና እኔ። አባታችን የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። እኔ ሕፃን ሳለሁ በአሰብ መንገድ ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ ብሎት እዚያው ቀረ። ወንድሜ ከፍ ሲል ትምህርቱን ተወና መገናኛ አካባቢ ጋራዥ ገባ። እናቴ መኪና የሚባል ነገር በቤቷ ዳግም እንዳይነሳ ትፈልግ ነበር፤ እሱ ግን «እማ፣ እኔ አልነዳም፤ እኔ የምሠራው ፍሬን ነው» ብሎ አፏን አስያዛት።

ቀጭን ነበር። ጋራዡ ውስጥ «የዘይት መለኪያ» ይሉታል፤ ያን ሞተር ውስጥ ነክረው የሚያወጡትን ቀጭን ብረት ማለታቸው ነው። «እሱ መኪና ሥር ለመግባት ክሪክ አያስፈልገውም» እያሉ ይስቁበታል። ይበላል፣ ሥጋ ግን አይዝም። እናቴን ይህ ያንገበግባት ነበር። «ሰው ምን ይለኛል? ልጇን ታስርባለች ነው የሚለኝ!» ትላለች። ይህን ቅጥነቱን አትርሱብኝ።

ያን ዓመት ረመዳንና ሁዳዴ ገጠሙ። እኛ ሙስሊሞች ነን፤ ከጎን ያሉት ጎረቤታችን ክርስቲያን ናቸው። አጥራችን አንድ ነው፤ አጥሩ ላይ ሰው የምታሳልፍ ቀዳዳ አለች፣ በእሷ በኩል ጨው ይሄዳል፣ ወሬ ይመጣል። እኔ እትዬ እላቸዋለሁ። እናቴና እሳቸው ግን አንቺ ለአንቺ ናቸው፤ ልጆቻቸውን በአንድ ጀርባ አዝለው ነው ያሳደጉት። የእትዬ ልጅ ከወንድሜ ትንሽ ይበልጥ ነበር። ቀደም ባለው ጥሪ ወደ ጦሩ ሄደ፤ ከዚያ በኋላ ወሬው ጠፋ። እትዬ ስለ እሱ ሲያወሩ «አለ» ይላሉ እንጂ የት እንዳለ አይሉም።

ረመዳን እንደገባ የቀበሌው ጥሪ መጣ። ጠመንጃ ያነገተ የአብዮት ጥበቃ ሰውዬ በራችን ላይ ቆመ።

«ዕድሜው የደረሰ ወንድ አለ አይደል?»

«አለ» አለች እናቴ። «ግን ታሟል።»

«ምኑን?»

እናቴ በሕይወቷ ውሸት ለምዳ አታውቅም። እጇ ደረቷ ላይ ነበረ፤ እጇ ያለበትን ጠራች። «ልቡን።»

«ልብ ከሆነ ሐኪም ያዳምጠዋል» አለ ሰውዬው። «ከሆሳዕና በፊት ባለው ቅዳሜ አዳራሽ ይቅረብ። ቢቀር አንቺን ነው የምንጠይቀው።»

እሱ ከሄደ በኋላ እናቴ ደፉ ላይ ቁጭ አለች። ልቡን ብላለች፤ ልቡ ደግሞ ደህና ነው። ይክሳ እንጂ ጉንፋን እንኳ ደፍሮት የማያውቅ ልጅ ነው። እትዬ በቀዳዳዋ ብቅ አሉ፤ ሁሉንም ሰምተዋል።

«ስሚኝማ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ጉርድ ሾላ ያለውን የሸማኔውን ልጅ ታውቂው የለ? ባለፈው ጊዜ መልሰው ሰደዱት እኮ። ልብህ ሞራ ለብሷል አሉት!»

«ሞራ?»

«ሞራ! ቅቤ ሲጠጣ ከርሞ ነዋ። ሐኪሙ ማዳመጫውን ደረቱ ላይ ቢለጥፍ፣ ውሃ ውስጥ እንደሚመታ ከበሮ፣ ምንም የለም። አክስቱ ናት በአፏ የነገረችኝ።»

«ቅቤ ከየት ይመጣል፣ እህቴ? ሾላ ገበያ ሄጄ ልለምን?»

«እኔ ጋ አለ! ሁዳዴ አይደለም እንዴ? ከሰንዳፋ ወንድሜ ለፋሲካ የላከልኝ ሙሉ እንስራ ቁጭ ብሏል። እኔ እስከ ፋሲካ አልነካው። ለልጄ ያልደረስኩ፣ ለልጅሽ ልድረስ።»

እናቴ ቀና ብላ አየቻቸው፤ ከዚያ እጃቸውን ይዛ ሳመችው።

እንግዲህ ቅቤው በዚያው ቀን ተነጠረ። የዚያን የማንጠር ነገር ሳስታውስ አሁንም ፊቴ ይፈታል። እትዬ ሽታው ጾማቸውን እንዳያስገድፋቸው አፍንጫቸውን በነጠላ ሸፍነው ያማስላሉ። እናቴ በአፏ ጠብታ እንዳይገባ ፊቷን አዙራ ኮረሪማና አብሽ ትጨምራለች። አንዷ እስከ ፋሲካ መቅመስ አትችልም፣ አንዷ ፀሐይ እስክትገባ መቅመስ አትችልም፤ እኔም ጿሚ ነኝ። በግምት ነጠረ። አዛን ሲል ወንድሜ ቴምሩን ጎረሰ፣ ውሃውን ጠጣ፣ ከዚያ እናቴ የሻይ ብርጭቆ ሙሉ የቀለጠ ቅቤ ሰጠችው።

ዓይኑን ጨፍኖ ጨለጠው። እትዬ ቀዳዳዋ ላይ ቆመው ይጠብቃሉ።

«እህ?» አሉት።

«አብሹ በዝቷል፣ እትዬ። ይመራል።»

«መድኃኒት መቼ ጣፍጦ ያውቃል!»

«ደግሞ ፊልትሮ የለውም፣ ዝቃጩ አብሮ ወረደ» አለ አፉን እየጠረገ። እኔ ሳቄ አመለጠኝ፤ እናቴ ጨርቅ ወረወረችብኝ።

ከዚያ ወዲህ ማታ ሲያፈጥር አንድ ብርጭቆ፣ ጎሕ ሳይቀድ ሲበላ አንድ ብርጭቆ ሆነ። እሱ እየቀመሰ ይነግራቸዋል፣ እነሱ እያስተካከሉ ያነጥራሉ። የእንስራው ሆድ እየጎደለ ሄደ።

በዚያው ሰሞን የባዮሎጂ አስተማሪያችን ልብ ሊያሳዩን ፈለጉ። «የበሬ ልብ ማን ሊያመጣ ይችላል?» ቢሉ እጁን ያወጣ የለም፤ ሁዳዴ ነው፣ የክርስቲያን ሥጋ ቤት ሁሉ ተዘግቷል። ሁሉም ዞሮ እኔን አየ። ሾላ ገበያ አጠገብ ወዳለው ወደ ሙስሊሙ ሥጋ ቤት ሄድኩ።

«ልብ ለማን ነው?» አለኝ ባለ ሥጋ ቤቱ።

«ለትምህርት ቤት።»

«ትምህርት ቤቱ ልብ ይገዛ ጀመር? ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው» ብሎ በጋዜጣ ጠቀለለልኝ። ክፍል እስክደርስ በጋዜጣው ላይ በትልቁ የተጻፈው የጦር ግንባር ወሬ ደም ጠጥቶ አይነበብም ነበር።

አስተማሪያችን ቲቸር ነው የምንላቸው፤ ወጣት ናቸው፣ ቾክ ኪሳቸው ውስጥ ይረሳሉ። ልቡን ጠረጴዛ ላይ አኖሩት። እኔ ተሸክሜው ስለመጣሁ የራሴ ይመስል ከፊት ቆምኩ። እንዴት ያለ ውብ ነገር ነው! ጠንካራ፣ ጥቁር ቀይ፣ እንደ ጭብጥ የተቋጠረ። ትከሻው ላይ ግን ቢጫ ሞራ ተጋድሟል። ሞራውን ሳይ የወንድሜ ብርጭቆ ታየኝና እጄን አወጣሁ።

«ቲቸር፣ ሰው ቅቤ ቢያበዛ ልቡ ሞራ ለብሶ ድምፁ ይጠፋል?»

የሚሳቅብኝ መስሎኝ ነበር። አንድም ሰው አልሳቀም። ዞር ብዬ ሳይ፣ የክፍሉ ልጅ ሁሉ የጠየቀው እሱ እንደሆነ ሁሉ ወደ ቲቸር አንገቱን አስግጓል። ያኔ ገባኝ፤ ቅቤ የሚጠጣው የእኛ ቤት ብቻ አይደለም።

ቲቸር ልቡን ሊከፍቱበት የያዙትን ምላጭ አስቀመጡ። በመስኮት ወደ ውጭ አዩ። ከዚያ ቀስ ብለው ጀመሩ።

«ልብ ጡንቻ ነው። ክንድሽም ጡንቻ ነው። ክንድሽ ሲደክመው ታሳርፊዋለሽ፤ ልብ ግን በእናትሽ ሆድ ውስጥ አንዴ ከጀመረ እስክትሞቺ አያርፍም። እንዲህ ያለ ሠራተኛ የሚበላው ነገር እንዳያልቅበት ይፈልጋል። ስኳር ቶሎ ይነዳል፣ ቶሎ ያልቃል። ስብ ውስጥ ግን ብዙ ጉልበት ታጭቋል። ስለዚህ ልብ ከሚያስፈልገው ጉልበት ከግማሽ የሚበልጠውን የሚያገኘው ከስብ ነው። ደም ተሸክሞ ያመጣለታል፤ ልብ ይቀበልና ሴሎቹ ውስጥ ባሉት ጥቃቅን ምድጃዎች፣ ሚቶኮንድሪያ በምንላቸው፣ በኦክስጅን ያነደዋል። የልብ ጡንቻ በእነዚህ ምድጃዎች የተሞላ ነው።»

«ሲጾምስ?» አልኩ። ሳልጠየቅ ነው የምናገረው፤ ማቆም አልቻልኩም።

«ሲጾም ሰውነት ያስቀመጠውን ስብ ፈትቶ በደም ይልክለታል። እንዲያውም ያኔ የበለጠ ስብ ይበላል። ሰው ይጾማል እንጂ ልብ አይጾምም።»

«ታዲያ ቅቤ የጠጣ ሰው?»

«ልቡ ይበላዋል። የተረፈው ጉንጩ ላይ፣ ሆዱ ላይ ይቀመጣል። ለብዙ ዓመት አብዝቶ ቢኖር የደም ሥሩን ሊያጠብበት ይችላል፤ እሱ ሌላ ነገር ነው። በአንድ ጾም ውስጥ ግን …» ቆም አሉ። የሚሉት ነገር ማንን እንደሚያስከፋ ያወቁ ይመስለኛል። «በአንድ ጾም ውስጥ ልቡ ምንም አይሆንም።»

ከኋላ አንድ ልጅ «ቲቸር፣ ነጭ ሽንኩርት ብብት ሥር ቢያዝስ?» አለ።

«ቲቸር፣ ሳሙና ቢዋጥስ?» አለች ሌላዋ።

ያኔ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ቲቸርም ሳቁ፤ ከዚያ ሳቃቸው ድንገት ቆመና «የዛሬው ትምህርት ስለ ልብ ነው» ብለው ምላጩን አነሡ።

እየሮጥኩ ነው ቤት የገባሁት። አንድ ነገር አውቆ ለቤተሰብ ይዞ እንደመግባት የሚያስደስት ነገር የለም፤ ዕውቀቱ ክፉ ዜና መሆኑ እንኳ ያኔ አልታየኝም። አዛን እስኪል አፌን ይዤ ቆየሁና፣ ወንድሜ ብርጭቆውን ሲያነሳ ሁሉንም አፈሰስኩት። ስኳሩን፣ ስቡን፣ ምድጃዎቹን።

ወንድሜ ብርጭቆውን አስቀምጦ በጉጉት ሰማኝ። «ናፍጣ ነው በይኛ!» አለ።

«ምኑ?»

«ልብ ነዋ! ስኳሩ ቤንዚን፣ ቅቤው ናፍጣ። ሩቅ የሚሄድ፣ ጭነት የሚጎትት መኪና ምን ይጠጣል? ናፍጣ! አባባ ይነዳው የነበረው ምን ነበር?»

«አየርም ይፈልጋል» አልኩ። «ስብ ለማንደድ ከስኳር ይልቅ ብዙ ኦክስጅን ይፈልጋል ብለዋል።»

«እሱማ! አየር ያጣ ናፍጣ ጥቁር ጭስ ነው የሚተፋው። ጎበዝ አስተማሪ ነው ያላችሁ።»

ሁለታችንም ደስ ብሎን ስንንጫጫ እናቴ ብድግ አለች።

«ማነው ይሄን ያስተማረሽ?»

«ቲቸር ናቸው፣ እማ።»

«ደመወዙን ማነው የሚከፍለው?»

«መንግሥት።»

«ልጄንስ ማነው የሚፈልገው?»

ወንድሜን አየሁት።

«እንግዲያው አፍሽን ዝጊ» አለችና ብርጭቆውን መልሳ ወንድሜ እጅ ውስጥ አኖረችው። «ጠጣ፣ አንተ።»

ጠጣ። በብርጭቆው አናት ላይ ለእኔ ጠቀሰኝ።

ፈተናው ሲቃረብ ሁለቱ ሴቶች ሌላ ዘዴ ጨመሩ፤ ልቡ እንዲደክም ይሩጥ አሉ። እሑድ ጠዋት እንጦጦ ውጣና ተመለስ አሉት። እኔም አብሬው ወጣሁ፤ እስከ ባሕር ዛፉ መጀመሪያ ድረስ ሄጄ ጎኔን ሲወጋኝ ተቀመጥኩ። እሱ ቀጥሎ ሮጠ። እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች ሲያዩት ቆሙ።

«ይሄን ደግሞ ማን አባረረው?» አለች አንዷ።

«ጅብ ነዋ» አለች ሌላዋ።

«ጅብማ ጠዋት ይተኛል። ቀበሌ ነው!»

እየሳቁ ሄዱ፤ ሸክማቸው ከሳቃቸው ጋር ወገባቸው ላይ እየተንቀጠቀጠ። ወንድሜ ዳገቱን ወጥቶ ተመልሶ አጠገቤ ሲቆም ፊቱ በላብ ያበራል፣ ትንፋሹ ግን በቦታው ነው። ጉንጩ ሞልቷል። ሸሚዙ ትከሻው ላይ ጠቧል። በየቀኑ ስለማየው አላስተዋልኩትም ነበር፤ በዚያ ብርሃን ላይ ግን ሌላ ሰው መሰለኝ።

እጄን ይዞ ደረቱ ላይ አኖረው። ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ። ረጋ ያለ፣ የማይቸኩል።

«አየሽ?» አለኝ። «ልክ ሰርቪስ እንደተደረገ ሞተር ሆኗል። ፈራሁ።»

«እናቋርጠዋ! ለእማ እንንገራት።»

«እንዳትነግሪያት። አላህን ከመለመን ሌላ ያላት ነገር ይሄ ብርጭቆ ብቻ ነው።»

«ሽሽ እንግዲያው።»

«የት? እኔ ብጠፋ ‹አንቺን ነው የምንጠይቀው› ብለዋታል።» ጎንበስ ብሎ አንድ የባሕር ዛፍ ቅጠል አነሣና በጣቱ አሻሽቶ አሸተተ። «ተነሺ፣ ፀሐይ ሳትበረታ እንውረድ። ጾመኛ ነሽ።»

ቅዳሜ አዳራሹ ደጃፍ በእናቶች ሞላ። አጥሩ ቆርቆሮ ነው፤ እኔ ምስማር የወጣበት ቀዳዳ አገኘሁና ዓይኔን ለጠፍኩ። እናቴ በአንድ ጎኔ፣ እትዬ በሌላው። «ምን ይላሉ? ምን ይላሉ?» እያሉ ይጎነትሉኛል። ልጆቹ ግቢው ውስጥ ሸሚዛቸውን አውልቀው ተሰልፈዋል። መጨረሻ ላይ አንድ ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው ማዳመጫ አንግቶ ተቀምጧል። ከእሱ በፊት ግን ማናችንም ያላሰብነው ነገር ቆሟል።

ሚዛን።

የእህል ሚዛን ነው፤ ከቀበሌው ሱቅ የመጣ። አንድ ወፍራም ሰውዬ ልጆቹን አንድ በአንድ እያወጣ ይመዝናል። ከወንድሜ ፊት የነበረው አብሮት ጋራዥ የሚሠራ ልጅ ነው። ያ ልጅ ድሮ ከወንድሜ ይወፍር ነበር፤ «የዘይት መለኪያ» የሚለውን ስም ያወጣለትም እሱ ነው። ሚዛኑ ላይ ወጣ። ሰውዬው ሚዛኑን አየ፣ ልጁን አየ።

«ይሄ ቀንበጥ ነው። ጠመንጃው ራሱ ይጥለዋል። ሂድ፣ ብላና ተመለስ።»

ልጁ ሸሚዙን ሳይለብስ በሩጫ ወጣ። ከአጥሩ ውጭ እናቱ እልል ልትል አፏን ከፍታ በእጇ አፈነችው። ከእሱ በፊትም ሌሎች ቀጫጮች ተመልሰው ነበር። እኔ ያኔ ነገሩ ገባኝ፤ እንደነበረ ብንተወው ቅጥነቱ ብቻ ይመልሰው ነበር።

ወንድሜ ሚዛኑ ላይ ወጣ።

ሰውዬው ሳቀ። ትከሻውን በመዳፉ መታው። «አቤት! አንተስ ምን እያበሉህ ነው? ሁሉም እንዳንተ ቢሆን የት በደረስን!»

ባለ ጋውኑ ማዳመጫውን ደረቱ ላይ አኖረ። አንገቱን አዘንብሎ አዳመጠ። ወንድሜ ቀና ብሎ ወደ አጥሩ ነው የሚያየው፤ የቱ ቀዳዳ ውስጥ እንዳለሁ ግን አያውቅም።

«ሰዓት ነው» አለ ባለ ጋውኑ። «ቀጥሎ!»

«ምን አለ?» አለች እናቴ። «ልቡን ምን አለው?»

«ሰዓት ነው አለው።»

«ሰዓት ምንድነው?»

«ደህና ነው ማለት ነው፣ እማ።»

እትዬ ቆርቆሮውን ተደግፈው ቀስ እያሉ መሬት ላይ ተቀመጡ። ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ።

ያለፉትን ወደ ቤት አልመለሷቸውም። መኪናው ግቢው ውስጥ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ወጥቶ በእኛ ፊት ሲያልፍ ወንድሜ ከላይ ቆሞ አየን። እጁን አወዛወዘ። ጥርሱ ሁሉ ይታያል፤ ሳቁን ከማን እንደወረስኩ ያኔ ነው ያወቅሁት።

«እማ!» ብሎ ጮኸ። «ቅቤው ጥሩ ነበር!»

ሊያጽናናት ነው። ከዚያ የባሰ ነገር ግን ሊላት አይችልም ነበር። እናቴ ደረቷን መታች፤ አንድ ጊዜ ብቻ። የናፍጣው ጭስ ጥቁር ነበር።

ማታ አዛን ሲል ቴምሩ ሳህን ላይ ቀረ። እናቴ በፋኖስ ብርሃን አጥሩ ድረስ ሄደችና በቀዳዳዋ ውስጥ «አንቺ ነሽ ያወፈርሽው!» አለች። ከወዲያ በር ሲዘጋ ሰማሁ። በማግሥቱ ቀዳዳዋን በቆርቆሮ ቁራጭ ዘጋቻት። ምስማሩን የመታችው በወንድሜ መዶሻ ነው።

ፋሲካ ደረሰ። እትዬ ዶሮውን በቀበሌ ዘይት ሠሩት። ቆርቆሮው ቀዳዳዋን እንጂ ድምፅ አይዘጋም፤ እንግዳ መጥቶ «ምነው፣ ቅቤ ነፈግሽን?» ሲላቸው ሰማሁ።

«ቅቤዬ ወታደር ሄዷል» አሉ።

እንግዳው የሳቀ ይመስለኛል። እናቴም ሰምታለች፤ እጇ ሥራው ላይ ለአፍታ ቆመ፣ ከዚያ ቀጠለች።

ስለ ጉርድ ሾላው ልጅም በኋላ ሰማን። ከሕፃንነቱ ጀምሮ የልብ ሕመምተኛ ነበር። ሞራ ያለ ሐኪምም አልነበረም፤ ቅቤውን ቤተሰቡ ይሰጠው የነበረው ሲከሳባቸው ጊዜ ነው። አንድ የታመመ ልጅ ስለተመለሰ ስንት ደህና ልጅ ቅቤ ጠጣ!

ኢድ አለፈ፣ እናቴ ግን ጾሟን አላቆመችም። መጀመሪያ ሰኞና ሐሙስ ነበር፤ ከዚያ እየጨመረች ሄደች። «እስኪመለስ ነው» ትለኛለች። ወሬ የለም። ሬዲዮ ብዙ ያወራል፣ ስለ እሱ ግን ምንም። ክረምቱ ገብቶ ሲወጣ ቀሚሷ ትከሻዋ ላይ ማረፊያ አጣ። ሰላት ላይ ስትሰግድ የአንገቷ አጥንት ሁለት ወገን ጎድጓድ ሠርቶ አያለሁ። የቲቸር ቃል እንደ ትንኝ ጆሮዬ ላይ ይዞራል። በክፍል ውስጥ ሳለሁ እንዴት ደስ ብሎኝ ነበር የሰማሁት! ሰው ይጾማል እንጂ ልብ አይጾምም። የሚላክለት ከሌለ ከገዛ ገላዋ ላይ ይወስዳል። ያ የማያርፍ ሠራተኛ እናቴን በልቶ እናቴን ያኖራታል።

አንድ ቀን አልቻልኩም፤ ነገርኳት። «እማ፣ ልብሽ አንቺኑ እየበላሽ ነው።»

«ይብላ» አለች። «እኔም ልጄን የሰው ቅቤ አብልቼ ነው የሰጠኋቸው።»

ሌላ ዓመት፣ ሌላ ሁዳዴ፣ ከዚያ ውስጥ ረመዳን። አንድ ቀን ፀሐይ ልትገባ ስትል በዋናው በራችን አንኳኩ። እትዬ ናቸው። በጎን የሚገቡ ሰው እንደ እንግዳ በደጅ ቆመዋል። ነጠላቸው ሥር ትንሽ ሸክላ ይዘዋል፤ ሽታው ከእሳቸው ቀድሞ ገባ።

እናቴ ከተቀመጠችበት አልተነሣችም። «ደግሞ ማንን ልታስመዝኚ መጣሽ?»

እትዬ ሸክላውን ከነጠላቸው ሥር አወጡ። ፊታቸውን አየሁት፤ እሳቸውም ከስተዋል። ከዚያ «አንቺን» አሉ።

እናቴ ቀና አለች።

«ከሰንዳፋ የመጣልኝ ይኸው ነው፤ አንጥሬዋለሁ» አሉ እትዬ። «እኔ ጿሚ ነኝ። የኔም ልጅ የለም፣ ያንቺም የለም። ይሻግት እንዴ? ማታ ማታ ደፉ ላይ ተኮራምተሽ ስትቀመጪ በቆርቆሮው ሽንቁር አይሻለሁ። ልጁ ሲመጣ ‹እናቴን ምን አደረጋችኋት› ቢለኝ ምን እመልሳለሁ?»

ሸክላውን ከእጃቸው ተቀበልኩና ቅቤውን አቀለጥኩት። እትዬ ቆመው በነጠላቸው አፍንጫቸውን ሸፈኑ። አዛን አለ። ብርጭቆውን እናቴ ፊት አኖርኩ። ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ አንሥታ፣ ልክ እሱ ያደርግ እንደነበረው ዓይኗን ጨፍና፣ እስከ ግማሹ ጠጣች። ግማሹን ወደ እኔ ገፋችው።

«እንቺ፣ ጠጪ።»

«እማ፣ ላንቺ እኮ ነው።»

«ጠጪ ስልሽ! ሴት አይመዝኑም።»

እትዬ ነጠላቸው ውስጥ ሳቁ። እናቴም ልትስቅ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰና ተወችው። እኔ ጨለጥኩት።

አብሹ በዝቶ ይመር ነበር። ቀምሶ የሚነግራቸው አልነበረም።